ለጎርፉ የተከፈተ አጥር

የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ከቤት ቤት እየዞሩ መዋጮ ከሰበሰቡት ሴቶች አንዷ ተስፋነሽ ባጫ ነበረች። በኋላ አጥሩ ይከፈት ብላ የተነሳችውም እሷው ናት። በመካከሉ የሆነውን እኛ የሰፈሩ ሰዎች በዓይናችን አይተናል። አንዳንዶቻችን መጀመሪያ ላይ “ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?” ብለናል።

አባቷ ከወለጋ ወንጌል ሊሰብክ መጥቶ ጢቾ የቀረ ሰው ነው። እሷ እዚያ ተወልዳ፣ አሰላ መጥታ መምህርነት ተማረች። የአካባቢ ሳይንስ ስታስተምር ፀጉሯ ሸበተ። ባሏ እዮኤል ከኢተያ ስንዴ እየጫነ አዳማ የሚያደርስ የአይሱዙ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚውለው አልፎ አልፎ ነው። ተስፋነሽ ቁመቷ አጭር፣ ድምጿም ዝግ ያለ ነው። አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። ተማሪዎቿ “ሙጫ” ይሏታል። ታውቃለች፣ አትቆጣም።

ሰፈራችን ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚወርድ ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ አዳዲሶቹ ቤቶች አሉ፣ ከመካከል የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ከሰፊ ሜዳው ጋር፣ ከታች የጭቃ ቤቶቹ፣ ከእነሱ በታች ወንዙ። የላይኛው ሰፈር የገብስ ማሳ በነበረ ጊዜ ዝናቡ እዚያው ይሰርግ ነበር። የተረፈው ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ይተኛና ሳሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይጠፋል። ማሳው ቤት፣ ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሲሆን ግን ውሃው መስረጊያ አጣ። ከዓመት ዓመት እየበዛ፣ እየፈጠነ መጣ። አንድ ክረምት የቀብር ጸሎት ላይ እያለን ጎርፉ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ገባብን፤ የሬሳ ሳጥኑን አግዳሚ ወንበር ላይ አንስተን ነው ጸሎቱን የጨረስነው። አጥሩ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ያሠሩት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ዋቅቶላ ናቸው። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ፣ አሰላ ውስጥ የብዙ ቤት መሠረት የጣሉ ሰው። ጡረታ ላይ ሆነው እንኳ የማዕዘኑን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ጠርበው አስቀመጡ። ያን ቀን በእልልታ ነው የተመረቀው። በቀጣዩ ክረምት አዳራሹ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልገባም፤ ሁላችንም ነገሩ አለቀ ብለን ነበር።

ጎርፉ ግን የትም አልቀረም። አጥሩ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና በጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቁልቁል ይወርዳል። በመተላለፊያዋ መጨረሻ ነቢላ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ላሞች እያረባች ለሰፈሩ ወተት የምትሸጥ፣ ከተስፋነሽ ጋር ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሴት ናት። ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር ላሞቿን እየፈታች በመተላለፊያዋ ከፍ ብሎ ወዳለው የተስፋነሽ ግቢ ታስገባለች። ስለ አጥሩ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ከሚያንኳኳው በረዶ የተነሳ ሰው ከሰው መነጋገር አልቻለም። ጋብ ሲል ከታች “ቢሻን ዱፌ፣ ቢሻን ዱፌ” የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ውሃ መጣ ማለታቸው ነው። ተስፋነሽ ስትደርስ መተላለፊያዋ ወንዝ ሆናለች። የነቢላ የበረት ግድግዳ ርሶ ተንዷል። ነቢላ ላሞቹን ልትፈታ ገብታ ኖሮ ግድግዳው ሥር ነበረች። የሚታዩት ጭንቅላቷና አንድ ክንዷ ብቻ ናቸው፤ ውሃው አንገቷ ጋ ደርሷል።

“ላሞቹስ?” አለች ነቢላ።

“አሁን ስለ ላም አታውሪ። እጄን ያዢ” አለች ተስፋነሽ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ የነቢላን ራስ በሁለት እጇ ከውሃው በላይ ያዘች። ወንዶቹ ማገሩን እስኪያነሱ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም። በር ነቅለን ነቢላን እላዩ ላይ አስተኝተን እስከ ባጃጁ ተሸከምናት። እግሯ ክፉኛ ተሰብሮ ነበር። ልትወልድ የደረሰችው ላሟ ደግሞ እንደታሰረች ሞተች።

በማግስቱ ጠዋት ተስፋነሽ የባሏን ቦት ጫማ አድርጋ ጎርፉ የመጣበትን ተከትላ ወደ ላይ ወጣች። ጎርፍ መንገዱን አይደብቅም፤ ገለባውን፣ ፌስታሉን፣ ቅርንጫፉን በየጥጉ ጥሎ ነው የሚያልፈው። ዱካው ወደ አጥሩ ማዕዘን አደረሳት። በውጭ በኩል የጭቃው መስመር ወገቧ ድረስ ነው። በበሩ ገብታ በውስጥ በኩል ብታይ ሜዳው ሳሩ እንደቆመ፣ ምንም እንዳልነካው ነው። ብዙ ቆየች እዚያ። ከዚያ ለእዮኤል ደወለችለት።

“አጥራችን ነው” አለችው።

“ጎርፉን አጥሩ አላመጣው እኮ።”

“አላመጣውም። ወደ ነቢላ የሰደደው ግን እሱ ነው።”

እዮኤል “ጋሽ ዋቅቶላን ማን ሊነግራቸው ነው?” አላት።

“እኔ ነኛ” አለች።

መጀመሪያ የሄደችው ግን ማዘጋጃ ቤት ነው። እዚያ ፍሰሐ የሚባል፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ወጣት የውሃ መሐንዲስ አገኘች። ለሰፈሩ ትልቅ የኮንክሪት ቦይ በዕቅድ መያዙን፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ ግን እንደማያውቅ ነገራት። ቢደርስም ልቡ ሙሉ አልነበረም።

“ቦዩ ውሃውን ከአንዱ ደጅ አንስቶ ሌላው ደጅ ነው የሚያደርሰው፣ መምህርት። ያውም ሩጫ ጨምሮለት። ከወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ምን ይሆናሉ? ውሃው ወንዙ ጋ እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ አረፍ የሚልበት ቦታ ነው የሚያስፈልገው።”

“የት ነው የሚያርፈው? ክፍት መሬት የለም እኮ።”

ፍሰሐ የሰፈሩን ካርታ ዘረጋና ጣቱን አረንጓዴ ሆኖ በቀረው ቦታ ላይ አሳረፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ነው። አጥሩ ከሥሩ በጥቂት ቦታ ቢከፈት፣ ሜዳው እንደ ሳህን ጎድጎድ ቢል፣ የሚወጣው አፈር በአዳራሹ በኩል ክትር ቢሆን፣ ከታች ደግሞ ውሃው ቀስ ብሎ የሚወጣበት በሣርና በድንጋይ የተያዘ መውረጃ ቢሠራ፣ ነቢላ ጋ የሚደርሰው ጎርፍ በብዙ እንደሚቀንስ አስረዳት። የላይኛዎቹ ቤቶችም የጣሪያቸውን ውሃ ሮቶ ውስጥ ቢያጠራቅሙ ሸክሙ ይቀላል። ክረምት ሲወጣ ሜዳው ደርቆ እንደ ወትሮው ልጆች ይጫወቱበታል።

የምዕመናን ስብሰባ ላይ ተነስታ ይህንኑ ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ጋሽ ዋቅቶላ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ተነሱ።

“ተስፋነሽ፣ የነቢላ ነገር እኔንም አሳዝኖኛል። ቤቷን ለመጠገን የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ግን ውሃ ሬሳ ላይ ሲገባ አንቺም ነበርሽ። የሰንበት ትምህርት ልጆቻችን ክፍል እዚሁ ነው። በስንት ድካም ያስወጣነውን ጎርፍ መልሰን በእጃችን እናስገባው ነው የምትይኝ?”

“አዳራሹ አይደርስም፣ ጋሽ ዋቅቶላ። ክትር ይኖረዋል።”

“ማን ዋስ ይሆነኛል?”

ስብሰባው ነገሩን ለሌላ ጊዜ አሳደረው፤ በእኛ ዘንድ ይህ ማለት ቀረ ማለት ነው። ስትወጣ አንዲት ዘማሪ “አሁን ይብቃሽ፣ እህቴ” አለቻት። ተስፋነሽ “ገና መች ጀመርኩ” ብላት አለፈች።

ዋስ ከጠየቁ ዋስ አመጣላቸዋለሁ ብላ በራሷ ግቢ ጀመረች። ለበልግ ዝናብ እንዲደርስ ጎመኗን ነቅላ፣ ፍሰሐ ባሳያት መሠረት ጉድጓድ አስቆፍራ ከመተላለፊያዋ የሚመጣውን ውሃ በከፊል ወደ ግቢዋ መራችው። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጉድጓዱ ሞልቶ ገነፈለና ወጥ ቤቷ ገባ። የቀረውም አልሰርግ ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ሸተተ። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ጋሽ ዋቅቶላ አልሳቁም፤ በግቢዋ አጥር በኩል አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ለእሷ ግን ከሳቁ የባሰባት ይኸ ነበር።

ፍሰሐ መጥቶ ጉድጓዱ ዳር ቆመ፤ ፊቱ ቀልቷል። “አፈሩን ሳልፈትሽ ነው ያስቆፈርኩዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው” አላት።

“እንግዲያ አሁን እንፈትሸው” ብላ አካፋ አቀበለችው።

ከላይኛው ቀይ አፈር ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ንጣፍ አገኙ። ጉድጓዱን ደፍነው በምትኩ ሰፊና ጥልቀት የሌለው አደረጉት። ሸክላውን በቦይ ሰንጥቀው እስከ ሥሩ ጠጠርና አሸዋ ሞሉበት። ዳሩን ደሾ ሣር፣ መሐሉን ከወንዙ ዳር የተነቀለ ቄጠማ ተከሉበት። ትርፉ የሚወጣበትን ደግሞ ከወጥ ቤቱ አርቀው ሠሩት። እዮኤል ከመንገድ ሲመለስ ግቢው ተገልብጦ አገኘው። “ጎመን መግዛት ሊኖርብን ነው ማለት ነው” አለና ሸሚዙን አውልቆ ጠጠር መሸከም ጀመረ። በሚቀጥለው ዝናብ የገባው ውሃ በማግስቱ ማታ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣውም እንደዚያው።

ግን አንድ ጎመን መደብ ለሽማግሌዎች ዋስ አይሆንም፤ ይህን ታውቃለች። በሰኔ መጀመሪያ ሰማዩ በጭላሎ በኩል ጠቁሮ ባየች ጊዜ ጋሽ ዋቅቶላ ቤት ሄደች።

“ነቢላ ጋ ወተት ልንጠጣ እንሂድ?” አለቻቸው።

“አሁን? ዝናቡ ሊወርድ ነው እኮ።”

“ለዚሁ ነው የመጣሁት።”

ጋሽ ዋቅቶላ ቀና ብለው አዩዋት። ነቢላን ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ አልጠየቋትም ነበር፤ ይህም ሲከብዳቸው ኖሯል። ካፖርታቸውን ለብሰው ተከተሏት።

ነቢላ በምርኩዝ ተነስታ ተቀበለቻቸው። “ኦቦ ዋቅቶላ፣ ይግቡ። ዝናብ ሊመጣ ሲል እንዲህ መልፋትዎ” ብላ ወተት አቀረበችላቸው። ስለ እግሯ ሲጠይቋት “አልሐምዱሊላህ፣ መቆም ችያለሁ” አለች። ዝናቡ ጀመረ። ጨዋታቸው ሳይቋረጥ ነቢላ ከአልጋው ሥር የዱቄት ጆንያውን ጎትታ ወንበር ላይ ልታወጣ ስትታገል ጋሽ ዋቅቶላ አዩ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“አሁን ይመጣል” አለች፣ ደጃፏን አሸዋ በሞላ ከረጢት እየዘጋች። እያማረረች አይደለም፤ ልብስ ከገመድ ላይ እንደሚሰበስብ ሰው ነው የተናገረችው።

ጎርፉ መጣ። በከረጢቶቹ መካከል ሾልኮ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ጋሽ ዋቅቶላ ጆንያውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ጫኑ፣ ፍራሹን ጠቅለል አድርገው ማገር ላይ ሰቀሉ። ከዚያ በር ላይ ቆመው ወደ መተላለፊያዋ ተመለከቱ። ውሃው የእሳቸውን ግንብ ታክኮ፣ ምንም ሳይባክን፣ ቀጥ ብሎ ወደዚች ደጅ ይወርዳል። ግንቡ አንዲት ድንጋይ አልተነቃነቀችም።

ዝናቡ ሲያባራ መጥረጊያ ይዘው ጭቃውን ከነቢላ ጋር ጠርገው ካወጡ በኋላ ብቻ “ይህን አጥር ለዚህ አልነበረም የሠራሁት” አሉ።

“እናውቃለን፣ ኦቦ” አለች ነቢላ።

ወደ ተስፋነሽ ዞሩ። “አይፈርስም። መሠረቱን ሳላናጋ ከሥሩ አፍ አወጣለታለሁ። ከላዩ ድፍን ድንጋይ ይጋደማል፣ ላም እንዳይገባ ብረት ፍርግርግ ይደረግበታል። የሚያፈርሰው ሌላ ሰው እንዳይሆን፤ እኔ ነኝ የምከፍተው። ግን የአዳራሹን ክትር ቁመት የምወስነውም እኔ ነኝ።”

“ይሁን” አለች ተስፋነሽ።

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከሩም። ለዚያ ክረምት ግን የተደረሰው የመተላለፊያዋን ዳር በአሸዋ ከረጢት ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ የተጀመረው መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠና ነው። ጋሽ ዋቅቶላ መሮና መዶሻ ይዘው ገና በጠዋት ይመጣሉ። ፍሰሐ ከፍታውን በገመድና በውሃ ልክ ይለካል፤ ሁለቱ ስለ ክትሩ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። በመጨረሻ ፍሰሐ ካሰበው ከፍ ብሎ፣ ጋሽ ዋቅቶላ ከፈለጉት ዝቅ ብሎ ተሠራ። ከታችኛው ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋ ይዞ ወጣ። ነቢላ መሥራት ስላልቻለች ለሠራተኛው እርጎ ትልካለች።

ያስቸገረው የላይኛው ሰፈር ነው። ጎርፍ እነሱን አይነካም፤ ከእነሱ ይነሳል እንጂ። ተስፋነሽ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየበሩ እያንኳኳች አሸንዳቸው ወደ ሮቶ እንዲዞር፣ ሲሚንቶ ካልነካው የግቢያቸው ክፍል ላይ ሣር እንዲተው ትለምናለች። አንዱ የፎቅ ቤት ባለቤት በጥበቃው በኩል የሉም እያስባለ አሰናበታት። ተመልሳ ሄደች። አሁንም የሉም ተባለች። በሌላ ቀን በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም መኪናው መጣ። ሰውየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “እሺ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?” አላት። በሳምንቱ ሮቶ አስገባ። ሁሉም እንደዚያ አላደረጉም፤ እምቢ እንዳሉ የቀሩ ዛሬም አሉ።

በሚቀጥለው ሐምሌ ያ ሁሉ ሥራ ተፈተነ። በረዶም ዝናብም አንድ ላይ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ። ውሃው አጥሩ ጋ ሲደርስ በተከፈቱት አፎች እየተንዶለዶለ ሜዳው ውስጥ ገባ። ሳሩን አለበሰው፣ ከዚያ ክትሩን መውጣት ጀመረ። እኛ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ቆመን እናያለን። ጋሽ ዋቅቶላ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

“ከታች አይወጣም” አለ ፍሰሐ በድንገት። “መውረጃው ተደፍኗል።”

ተስፋነሽ ነጠላዋን ለሰው ሰጥታ ውሃው ውስጥ ገባች። ጭኗ ድረስ ነው። ቅዝቃዜው ትንፋሽ እንዳሳጣት በኋላ ነግራናለች። መውረጃው ጋ ስትደርስ ፌስታልና የስንዴ ገለባ ተጠቅጥቆ ፍርግርጉን ዘግቶታል። በእጇ መጎተት ጀመረች። ፍሰሐ ተከትሏት ገባ፣ ከዚያ ሌሎቻችን። ጋሽ ዋቅቶላን እንዳይገቡ ብንይዛቸውም በውጭ በኩል ዞረው በመሮ ይፈለፍሉ ጀመር። የመጨረሻው የተጠቀጠቀ ገለባ ሲነቀል ውሃው ተንፍሶ ወረደ፤ ሣሩና ድንጋዩ ላይ እየተንከባለለ፣ ሳይቸኩል። ክትሩ ላይ ያለው ውሃ ቆመ። ቀጥሎም መጉደል ጀመረ።

ተስፋነሽ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ወደ ነቢላ ቤት ወረደች። ግቢው ረጥቧል፣ ደጃፉ ላይ ጭቃ አለ። ወለሉ ግን ደረቅ ነው። ነቢላ ላሞቿን አልፈታችም ነበር፤ አዲሱ በረት ውስጥ ቆመው ያመሰኳሉ።

“ፈርተሽ ነበር?” አለቻት ተስፋነሽ።

“ወላሂ፣ በጣም” አለች ነቢላ። የራሷን ጋቢ አውጥታ አለበሰቻትና እሳቱ ዳር አስቀመጠቻት።

ሁሉ ነገር አማረ ማለት አይደለም። ከሜዳው በስተግራ ያለ አንድ ቤት ደለል ገብቶበት መውረጃውን ሌላ ጊዜ ማስፋት ግድ ሆነ። ሠርግ ያላቸው ወጣቶች በክረምት ሜዳው ላይ ድንኳን መጣል ባለመቻላቸው ተስፋነሽን ይወቅሷታል። ፍርግርጎቹ ዝናብ በመጣ ቁጥር መጠረግ አለባቸው፤ ደለሉም በየበጋው ይዛቃል። ጋሽ ዋቅቶላ የፍርግርጉን ነገር ለማንም አላስነኩም፤ ደመና ሲያዩ መሯቸውን ይዘው ይወጣሉ። ፍሰሐ የሰፈሩን ቦይ ዕቅድ ከልሶ አጠር አድርጎ አቀረበው፣ ተቀባይነትም አገኘ። ከሜዳው እስከ ወንዙ ያለው ቦረቦር ዳርና ዳር ቀርከሃ ተተክሎበት አሁን የሰው ቁመት አልፏል።

ባለፈው ሳምንት ተስፋነሽ ከነቢላ ጋር ወደ ላይኛው ሰፈር ሲወጡ አገኘኋቸው። ነቢላ ትንሽ ታነክሳለች እንጂ ምርኩዙን ትታዋለች። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው።

“የላይኛው ትምህርት ቤት ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያለብስ ነው አሉ” አለች ተስፋነሽ። “ግማሹን ለዝናብ እንዲተውልን ርዕሰ መምህሩን ልናነጋግር ነው።”

“እምቢ ቢልስ?”

“ነገም ሥራ ይገባል አይደል?” አለችና መንገዷን ቀጠለች።